የምጥ ስንቅ

ስለ ፍቅር፣ ስለ ሀገርና ስለ ሞት መጻፍ የለመደ ብዕር ስለ አንድ ቦርሳ ልጻፍ ብሎ ቢነሳ አንባቢ ሊታዘበው ይችላል። ያውም ነፍሰ ጡር ሴት የመውለጃዋ ቀን ሲቃረብ ከበር ጀርባ ስለምታስቀምጠው ተራ የጨርቅ ቦርሳ። እኔም ብሆን ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህን ርእስ ሌላ ሰው ጽፎት ባገኘው ኖሮ "የሴቶች ጉዳይ ነው" ብዬ ገጹን እገልጠው ነበር። ዛሬ ግን ከማውቃቸው ነገሮች ሁሉ ይህን ቦርሳ ያህል የከበደኝ የለም፤ ስለዚህም ትዝብቱን ችዬ እጽፋለሁ።

በቋንቋችን "ስንቅ" የምትባል ውብ ቃል አለች። ዘማች ሲወጣ በሶና ድርቆሽ ይቋጠርለታል። ተማሪ ለትምህርት ወደ ሩቅ ከተማ ሲሄድ እናቱ ዳቦ ቆሎ ታሲዝለታለች። ወደ ዓረብ ሀገር የምትሄድ እኅት በሻንጣዋ ጥግ ሽሮና በርበሬ አይታጣም። መንገደኛው ስንቁን በፈታ ቁጥር የቋጠረለትን ሰው እጅ ያስታውሳል፤ ርቆም ብቻውን አለመሆኑን ያውቃል።

የወላድ ስንቅ ግን ከስንቆች ሁሉ ልዩ ነው። የሚቋጠረው ለሁለት መንገደኞች ነው፤ አንዷ ትሄዳለች፣ ሌላው ይመጣል። የሚመጣውን ማንም አላየውም፤ መልኩም ስሙም አይታወቅም። "ነፍሰ ጡር" የሚለው ስያሜ "ጾረ" ከሚለው የግእዝ ግስ የተገኘ ሲሆን ትርጉሙም ነፍስ የተሸከመች ማለት ነው። ነፍስ ለተሸከመች ሴት "ቦርሳውንም አንቺው ቋጥሪ፣ በውስጡ ያለውንም አንቺው እወቂ" ማለታችን፣ አለዚያም ፈርተን ጨርሶ እንዳይቋጠር ማድረጋችን፣ ተገቢ ነውን? ክርክሬ ይህ ነው። ክርክሬን ግን ከራሴ በደል እጀምራለሁ።

የመጀመሪያ ልጃችን በመጣ ጊዜ በቤታችን እንዲህ ያለ ቦርሳ አልነበረም። አማቴ፣ "ያልተወለደ ልጅ ልብስ አይገዛለትም፤ ዕድሉን መዝጋት ነው" ብለው አስጠንቅቀውን ነበር። ባለቤቴ ከፍርሃት የተነሣ ተስማማች። እኔ ደግሞ ከስንፍና የተነሣ ተስማማሁ። ዲግሪ ይዤ፣ ግጥም እየጻፍሁ፣ በአጉል እምነት የምሥቅ ሰው፣ እምነቱ ገበያ ለገበያ ከመዞር ሲያሳርፈኝ አልሣቅሁበትም።

ምጡ ከተገመተው ቀን ሰባት ሳምንት ቀድሞ፣ በሌሊት መጣ። ጎረቤት ቀስቅሰን በመኪናው ሆስፒታል ስንደርስ በእጄ ያለው አንድ የውኃ ጠርሙስና ሁለት ዳቦ የያዘ ፌስታል ነበር። የክትትል ካርዷን ጠየቁኝ፤ የት እንዳስቀመጠችው አላውቅም። የደም ዓይነቷን ጠየቁኝ፤ ዝም አልሁ። የስንቱን ደንበኛ የሒሳብ ቁጥር በቃሌ የምወጣ የባንክ ሠራተኛ የሚስቴን የደም ዓይነት አላውቅም ነበር።

ሊነጋጋ ሲል የማዋለጃው በር ተከፈተና "የእገሊት ቤተሰብ! የሕፃኑን ልብስ!" የሚል ድምፅ ተሰማ። በሆስፒታል ደጅ ያደረ ሰው ያን ጥሪ ያውቀዋል። ስሙ ያልተጠራው ወደ ግድግዳው ይመለሳል፣ የተጠራው ቦርሳውን አንሥቶ ይሮጣል። እኔ ፌስታሌን እንደያዝሁ ቆምሁ። አጠገቤ የልጃቸውን ምጥ የሚጠብቁ፣ ከገጠር የመጡ የሚመስሉ አንዲት እናት ነበሩ። ፊቴን አዩኝ፤ አንዳች ጥያቄ አልጠየቁኝም። ከዘንቢላቸው ውስጥ ንጹሕ ነጠላና ትንሽ ኮፍያ አወጡና "እንካ ልጄ፣ ብርድ አያግኘው" አሉኝ።

ልጃችን ሁለት ቀን ኖረ። ያለጊዜው የመጣ፣ ሳንባው ያልጠና ነበር፤ ሐኪሞቹም የሚቻላቸውን አድርገዋል። ልብስ ተገዝቶለት ቢሆን ይተርፍ ነበር አልልም፤ እንዲህ ያለ ነገር መጻፍ ሐሰት ነው። የምለው ይህን ብቻ ነው። ልጄ በዚህ ዓለም በቆየባቸው ሁለት ቀናት ከአባቱ እጅ የተሰጠውን አንዳች ጨርቅ አልለበሰም። የተቀበለውም የሸኘውም የማናውቃቸው እናት ነጠላ ነው።

ሊያጽናኑን የመጡ ሰዎች፣ "እንኳንም ልብስ አልገዛችሁለት፤ ባያችሁት ቁጥር ትቃጠሉ ነበር" አሉን። አንዱ ሲወጣ ሌላው እየገባ ይህንኑ ደጋገመው። በጊዜው "አሜን" እንደሚል ሰው አንገቴን ነቀነቅሁ። ውስጤ ግን እንዲህ ሲል ነበር፦ ምነው በገዛሁለት! ምነው ዛሬ እያየሁት በተቃጠልሁ! እነሆ ይህ ጽሑፍ ለዚያ ማጽናኛ የዘገየ መልስ ነው።

ሰዎቹን አልወቅስም። ልማዱ ከየት እንደመጣ ቆይቼ ሳስብ ከድንቁርና የመጣ አልመሰለኝም፤ ከመቃብር የመጣ መሰለኝ። እናቴ እኛን አምስታችንን የወለደችው በቤት ነው፤ ስንቋም አዲስ ምላጭ፣ ክርና ታጥቦ የተቀመጠ አሮጌ ነጠላ ነበር። ከአምስታችን ሌላ ሁለት ቀብራለች። በ1992 ዓ.ም. የተካሄደው ሀገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት እንደሚሞቱ ገምቶ ነበር። በዚያን ጊዜ ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የሚከናወኑት 5 ያህሉ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ባለ ዘመን የኖረች ሴት ተስፋዋን ብትደብቅ፣ የሕፃን ልብስ በገመድ ላይ ለማስጣት ብትፈራ፣ ማን ይፈርድባታል? ዝምታዋ ጋሻዋ ነበር።

ነገር ግን አንድ ነገር ተለውጧል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው ተመሳሳይ ጥናት የእናቶችን ሞት 412 አድርሶታል፤ በጤና ተቋም የሚወለዱትም ከ100 ወደ 26 ከፍ ብለዋል። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ይህ ቁጥር 48 ደርሷል። 412 ትንሽ ቁጥር ነው የሚል የእናት ልጅ እንደሌለ አምናለሁ፤ መንገዱ ገና ነው። ሆኖም ወሊድ ከጓዳ ወጥቶ ወደ ሆስፒታል እየሄደ መሆኑን ቁጥሮቹ ይመሰክራሉ።

ለእኔ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ሴት በቤቷ ስትወልድ ልብስ አለመግዛት ብዙ አይጎዳም ነበር። ሳጥኑ ከአልጋው ሥር ነው፤ እሳቱ ከጎን ይነድዳል፤ ጎረቤቷ ነጠላዋን አውልቃ ትሰጣለች፤ አንዷ ውኃ ስታሞቅ ሌላዋ ለገንፎው ታማስላለች። መንደሩ በሙሉ ቦርሳ ነበር። ዛሬ ምጥ የያዛት ሴት ሳጥኗንም ጎረቤቷንም ትታ፣ በሌሊት፣ በታክሲ ወይም በአምቡላንስ ወደማታውቀው አልጋ ትሄዳለች። ወሊዱ ቤት ለውጧል፤ ልማዱ ግን በአሮጌው ቤት ቀርቷል። አሮጌው ልማድ ለአሮጌው ቤት ጥበብ ነበር፤ በአዲሱ ቤት ግን ሴቲቱን ባዶ እጇን ያስቀራታል።

ይህን ቀድመው የተረዱ አሉ። በጉራጌ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል እናቶች የመውለጃ ቀናቸው ሲቃረብ ከሩቅ መንደር ቀድመው መጥተው የሚቆዩበት ማረፊያ ካዘጋጀ ዘመናት ተቆጥረዋል። ከዚያም ወዲህ በየገጠሩ ጤና ጣቢያ አጠገብ "የእናቶች ማቆያ" የሚባል ቤት ተስፋፍቷል፤ ቡና የሚፈላበት፣ ገንፎ የሚገነፋበትም አለ። ቀድሞ መዘጋጀት ፈጣሪን መድፈር አለመሆኑን እነዚያ እናቶች ጓዛቸውን ጠቅልለው በመምጣታቸው ነግረውናል።

ባለቤቴ ለሁለተኛ ጊዜ በፀነሰች ጊዜ ስለ ቦርሳ ያነሣ አልነበረም። በሰባተኛው ወር የክትትል ቀን አብሬያት ገባሁ። አዋላጅ ነርሷ እንዲህ ስትል ጠየቀችን፦ የት ለመውለድ አስባችኋል? በሌሊት ቢሆን በምን ትመጣላችሁ? ከእሷ ጋር ማን ይሆናል? ለክፉ ቀን የተቀመጠ ገንዘብ አለ? ደም ቢያስፈልግ ማን ይሰጣል? ባለቤቴ ወለሉን ታይ ነበር። እኔ በኪሴ ባገኘሁት የገቢ ቅጽ ጀርባ ላይ አምስቱንም ጥያቄ ጻፍሁ። በዚያው ምሽት ከአልጋ ሥር አንድ የጨርቅ ቦርሳ አውጥቼ አራገፍሁና "ይህን እኔ እቋጥረዋለሁ" አልኋት። አልመለሰችልኝም፤ አልከለከለችኝምም።

በወረቀት ጀመርሁ፤ የምችለው ሥራ እሱ ነውና። የክትትል ካርዷን፣ መታወቂያዎቻችንን፣ የደም ዓይነቷን፣ ደም እንሰጣለን ያሉ የሁለት ጓደኞቼን ስልክ፣ ጥቂት ጥሬ ገንዘብ በአንድ ኤንቬሎፕ አኖርሁ። ወሊድ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ከሚሰጡ አገልግሎቶች አንዱ ቢሆንም ሌሊት የሚጠይቀው ነገር አይታወቅምና። ቀጥሎ የእሷን ልብስ ያዝሁ፤ ከፊት የሚከፈት ሰፊ ቀሚስ፣ የውስጥ ልብስ፣ ነጠላ ጫማ፣ ጋቢ፣ ሳሙና፣ ሶፍትና ፎጣ። ሞዴስ ለመግዛት ሱቅ ገብቼ ድምፄን ዝቅ ማድረጌን ስታዘብ በራሴ አፈርሁ፤ ተመልሼም ጮክ ብዬ ሁለተኛ እሽግ ጠየቅሁ። ለአጥሚት የሚሆን ፔርሙስም ታጠበ።

የሕፃኑ ተራ ሲደርስ እጄ ከበደኝ። ነርሷ የነገረችኝን እያስታወስሁ ገዛሁ። የሚወለድ ሕፃን እርጥብ ነው፤ ሙቀቱም ቶሎ ያመልጠዋል። ስለዚህ ወዲያው ይደረቃል፣ በእናቱ ደረት ላይ ይደረጋል፣ ራሱ ይሸፈናል፤ እስከ 24 ሰዓትም አይታጠብም። ሁለት ፎጣ ያስፈለገው ለዚህ ነው፤ አንዱ ለማድረቅ፣ ሌላው ለመሸፈን። ኮፍያው ለጌጥ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። እኔ ግን ያቺን የማላውቃቸውን እናት ኮፍያ አስታውሳለሁ፤ "ብርድ አያግኘው" ያሉት በእውቀት ነበር።

አማቴ መጥተው ቦርሳውን ባዩት ጊዜ ደነገጡ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ዝም ብለው ተቀመጡና ጥቂት ቆይተው በቀኝ ኪሱ ትንሽ ምስማር፣ በግራው ደግሞ ለጋ ቅቤ በብልቃጥ ከተቱ። ምስማሯ ዓይነ ጥላን ለመከላከል፣ ቅቤው ሕፃኑ ገና እንደተወለደ እንዲልሰው ነበር። ስለ ቅቤው ተከራከርን። የሕፃን የመጀመሪያ ማዕዱ እንገሩ መሆኑን፣ ከእናት ጡት ሌላ ውኃም ቅቤም እንደማያሻው ነርሷ የነገረችኝን ነገርኋቸው። "እሺ ልጄ፣ እንግዲያው ቤት ሆኖ የእናቲቱን አናት ይጠብቅ" ብለው ብልቃጡን አነሡ። ምስማሯን በወረቀት ጠቅልዬ ተውኋት። ማንንም አትጎዳም፤ የአማቴም ፍርሃት በዚህ ቦርሳ ውስጥ ቦታ ይገባዋል።

ባለቤቴ ቦርሳውን ለሁለት ሳምንት ሳትነካው ቆየች። አንድ ማታ ከሥራ ስመለስ ሁለተኛ ነጠላ፣ ሁለተኛ ኮፍያና ሁለተኛ ፎጣ በተለየ ፌስታል ታሥሮ ከላይ ተቀምጦ አገኘሁ። "ይሄኛውስ?" አልኋት። "ሳትይዝ ለምትመጣ ሴት" አለችኝ። ከዚያች ሌሊት ወዲህ ስለዚያ ነጠላ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ሁሉ የዘረዘርሁት ምሥጢሬን ለማካፈል ብቻ አይደለም። ሦስት ነገር እላለሁ።

አንደኛ፣ መዘጋጀት ውርርድ አይደለም። ልጁ "ከተረፈ" ብቻ የሚከፈል ዕዳ አድርገን ስለምናስበው ነው ልብሱን አስቀድመን ለመግዛት የምንፈራው። እኔ በሙያዬ ብድር የሚሰጠው በዋስትና መሆኑን አውቃለሁ፤ ፍቅር ግን በዚያ ሕግ አይሠራም። ሁለት ቀን ለሚኖርም ሰባ ዓመት ለሚኖርም እንግዳ አቀባበሉ አንድ ነው። የሚቆይበትን ጊዜ ጠይቀን አይደለም ለእንግዳ አልጋ የምናነጥፈው። ያዘነች ሴት ባልተገዛ ልብስ አትጽናናም፤ ይልቅ ልጇን እንደሚገባው መቀበሏ ኋላ የምትደገፍበት ነገር ይሆናታል።

ሁለተኛ፣ ቦርሳው ሁለት ቁልፍ ያዥ ያሻዋል። በባንክ ቤት ካዝና በአንድ ሰው ቁልፍ አይከፈትም፤ አንዱ ቢታመም፣ ቢሳሳት፣ ቢደነግጥ ሌላው አለ። ምጥ የያዛት ሴት "ካርዱ ከግራ ኪስ፣ ኮፍያው ከፎጣው ሥር" እያለች እንድታስረዳ መጠበቅ ጭካኔ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአባት ሦስት ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ፈቅዷል። ሦስት ቀን ጥቂት ነው፤ ይጨመር የሚል ካለ አብሬው እፈርማለሁ። ነገር ግን ቦርሳ ለመቋጠር ፈቃድ አያስፈልግም፤ ከሰባተኛው ወር ጀምሮ ባሉት ምሽቶች በአንዱ መቀመጥ ይበቃል። ያገሬ ወንድ ለዘመቻ ስንቅ ሲቋጠርለት ኖሯል። አንድ ጊዜ እንኳ እሱ ቢቋጥር ምን ይጎድልበታል?

ከባዕድ ሀገር የተቀዳውን ረጅም ዝርዝር ይዞ ከሱቅ ሱቅ መዞርንም አልመክርም። የከንፈር ቅባቱ፣ ልዩ ትራሱ፣ የፎቶግራፍ ልብሱ ላለው ሰው ይሁንለት። የሌላት ሴት ግን ዝርዝሩን አይታ በቦርሳዋ እንድታፍር ማድረግ ነውር ነው። ታጥቦ በፀሐይ የደረቀ አሮጌ ነጠላ ለሕፃን ገላ ምንም አያንሰውም።

ሦስተኛው ለእኛ፣ ብዕር ለምናነሣ ነው። ስነ ጽሑፋችን ለሽኝት የተካነ ነው። አልቃሾቻችን የሙሾ ሊቃውንት ነበሩ፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመው ታላቁ ልብ ወለዳችን እንኳ "ፍቅር እስከ መቃብር" ብሎ መቃብርን በስሙ ተሸክሟል። ለመምጣት ግን ምን ጻፍን? በብዙ ታሪኮቻችን ወሊድ ከመጋረጃ ጀርባ የሚሰማ ጩኸት ነው፤ ጸሐፊው ከባልየው ጋር ደጅ ቆሞ ሲጋራ ያጨሳል፣ እልልታው ሲሰማም ምዕራፉን ይዘጋል። እዚያ ደጅ ቆሜ አይቻለሁ፤ ደጁም ታሪክ አለው። በየዘንቢሉና በየቦርሳው ውስጥ ያለው ጨርቅ የፍርሃትና የተስፋ መዝገብ ነው። ከእኛ መካከል አንዱ ገልጦ ቢያነበው ለዘመናችን ሥነ ጽሑፍ ትርፍ እንጂ ኪሳራ አይሆንም።

ሁለተኛዋ ልጃችን በሰዓቷ መጣች። በሩ ተከፍቶ "የእገሊት ቤተሰብ!" ሲባል ቦርሳውን ይዤ ቆሜ ነበር፤ ፎጣው ከላይ፣ ኮፍያው ከፎጣው ሥር፣ ሳልፈልግ አወጣሁት። እጄ መንቀጥቀጡን ግን ቦርሳ አላስቀረልኝም። ወደ ቤት በምንመለስበት ቀን ባለቤቴ ያቺን በተለየ ፌስታል የታሠረች ስንቅ ለአዋላጇ ሰጠቻት። ማን እንደለበሳት አናውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገንም።

ቦርሳውን በቋጠርሁ ሌሊት በዚያው የገቢ ቅጽ ጀርባ፣ ከአምስቱ ጥያቄዎች በታች፣ የጻፍኋትን ስንኝ ትቼላችሁ ልሰናበት።

ያልመጣን ለማቀፍ፣ ልብስ አጥቤ ሰቀልሁ፤
ስሙንም ሳላውቀው፣ እንግዳ ጠበቅሁ።
ሁለት ነው ነጠላው፣ አንዱ ለኛ ጨቅላ፤
አንዱ ለማናውቃት፣ ሌት ለመጣች ሌላ።
ቢመጣ ደስታዬ፣ ባይመጣም ልጄ ነው፤
ፍቅር ስንቅ ሲቋጥር፣ ዋስ መቼ ጠርቶ ነው!